አዲስ የተገጠመ ተርቦ ሲጮህ፦ ከመፍታታችሁ በፊት ስሙት

ባለፈው ክረምት የሃይሉክሴን ተርቦ (በጭሱ ኃይል እየዞረ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋውን ዕቃ) አስቀየርኩ። አሮጌው ዘይት ይጠጣ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሰፈሩን በሰማያዊ ጭስ አጥኜ ነበር የምወጣው። አዲሱ ተገጠመ፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ጸጥ ብሏል፣ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። እዚሁ ጅማ የጅሬንን ዳገት ስጀምር፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ ኡኡታውን ለቀቀው። አምቡላንስ የመጣ መስሏቸው ባጃጆች ዳር ያዙልኝ። ለገጠመው ልጅ በስልክ አሰማሁት። «ተርቦው ኮፒ ነው ጋሼ፣ ሌላ ይግዙ» አለኝ። ልገዛ ምን ቀረኝ! ጥፋቱ ግን ኢንተርኩለር (ከተርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ቱቦ ላይ በደንብ ያልጠበቀች አንዲት ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ) ሆና ተገኘች። በካቻቢቴ ሦስት ዙር፣ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይሄንኑ ነው። ተርቦ ተቀይሮ ድምፅ ከመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አዲሱ ዕቃ ሳይሆን እሱን ለመግጠም የተፈታው ነገር ሁሉ ነው፦ ቱቦው፣ ፋሸታው፣ ጓርኒሲዮኑ (በመገጣጠሚያው መሐል የሚገባው ማሸጊያ)፣ የዘይት መስመሩ። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ውጪ ነው። ብረት ከብረት ሲፋጭ ከሰማችሁ ምርመራ የለም፤ ሞተሩን አጥፉና ተጎትታችሁ ሂዱ። ስብርባሪው ወደ ሞተር ከገባ ወሬው የተርቦ መሆኑ ይቀራል።

ጤነኛው ድምፅ የትኛው ነው? ተርቦ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ዕቃ ነው፤ ትንንሾቹ 200,000 ያልፋሉ። እንዲህ እየዞረ ዝም ሊል አይችልም። ነዳጅ ስትሰጡ ቀጭን ፉጨት እየወጣ ይሄዳል፣ እግራችሁን ስታነሱ ይጠፋል። ይሄ ደህና ነው። ጅማ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ተርቦው ያንኑ ግፊት ለመስጠት የበለጠ መዞር አለበት። አንዳንድ መኪና ላይ ቁልፍ ስትከፍቱ ወይ ስትዘጉ ከተርቦው በኩል አጭር «ዝዝት» ይሰማል፤ የመቆጣጠሪያዋ ሞተር ራሷን እየሞከረች ነው፣ አትደንግጡ።

አሁን ወደ ማዳመጡ። ብቻችሁን እየነዳችሁ አትችሉትም። ሌላ ሰው ይንዳ፣ እናንተ ተሳፋሪ ወንበር ላይ ሆናችሁ መስኮት ክፈቱ፣ ከዚያ ረጅም ግንብ አጥር ባለበት መንገድ ግንቡን ተጠግቶ ይለፍ። ድምፁ ግንቡን መትቶ ይመለስላችኋል፤ ገላጣ ላይ ያልሰማችሁት ሁሉ ይሰማል። ዋናው ጥያቄ «ምን ይመስላል» ብቻ አይደለም፣ «መቼ ይመጣል» ነው። ጭነት ላይ ብቻ? ሚኒሞ ላይም? ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ?

ጭነት ላይ ብቻ የሚመጣ «ፍስስ» ወይም ሳይረን፣ ከሱ ጋር ጉልበት ማጣትና ጥቁር ጭስ ካለ፣ በአብዛኛው አየር እያመለጠ ነው። ከተርቦው እስከ ሞተሩ መግቢያ ያለውን ቱቦ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ሂዱ፤ ከሥር በኩል የማይታየውን ጎን በተለይ። ቱቦ ተሰንጥቆ ከላይ ሲያዩት ደህና የሚመስል ብዙ ነው። ትኩስ ዘይት የነካው ቱቦ ሲለሰልስ ደግሞ ፋሸታው ቢጠብቅም ይንሸራተታል። በዓይን ካልተገኘ ጎሚስታ ዘንድ ሂዱ። የቱቦውን ሁለት ጫፍ፣ የተርቦውን መውጫና የሞተሩን መግቢያ፣ ድፈኑና በአንዱ በኩል አየር አስገቡ። ከግማሽ ባር ጀምሩ፣ ከ1 ባር አትለፉ። መድፈኛው እንደ ጥይት ሊወጣ ስለሚችል በደንብ ታስሮ፣ ፊታችሁም ከፊቱ ዞር ይበል። ከዚያ የኦሞ አረፋ በየመገጣጠሚያው ቀቡት። እኔ ዘንድ የጎሚስታው ልጅ ነው ቀድሞ ያየው፤ ጎማ የሚፈትሽበትን ውኃ ረጭ አደረገና «ይኸው፣ ይኸው!» አለ፣ አረፋው ከፋሸታው ሥር እንደ ሳሙና ፊኛ እያበጠ።

ጠዋት ሲነሳ «ቸፍ ቸፍ» ወይም «ጠቅ ጠቅ» ብሎ፣ ሞተሩ ሲሞቅ የሚቀንሰው ሌላ ነው። ጭስ ከተርቦው ጓርኒሲዮን ወይም ከማኒፎልዱ (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ከሚሰበስበው ብረት) እያመለጠ ነው፤ ብረቱ ሲግል ስለሚሰፋ ክፍተቱን ይደፍነዋል። ባትሪ አብርታችሁ መገጣጠሚያውን እዩት። ጥላሸት ካለ ያ ነው ቦታው። አሮጌ ጓርኒሲዮን መልሶ የሚገጥም ሰው አለ፣ እንዲያውም ብዙ ነው። እንቢ በሉ።

ሚኒሞ ላይ ቅጭልጭል የሚልና ነዳጅ ሲሰጠው የሚጠፋ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሙቀት መከላከያው ቆርቆሮ ነው። አንድ ብሎን ተረስቶ ይሆናል። በረጅም እንጨት ጫን አድርጉት፤ ዝም ካለ አገኛችሁት። ካልሆነ የጭስ ማስተንፈሻዋን በር የሚገፋው ዘንግ ላልቶ እንደሆነ ይታይ።

ይህ ሁሉ ታይቶ ሳይረኑ ካልጠፋ ነው ወደ ተርቦው ራሱ የሚኬደው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ የአየር መሳቢያው ቱቦ ይፈታ። (እግረ መንገዳችሁን ውስጡን እዩ። ጨርቅ ተረስቶበት የተገኘ ቱቦ በዓይኔ አይቻለሁ።) መሐል ያለችውን ዘንግ በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉ። ትንሽ ብትነቃነቅ አትፍሩ፤ ኩሽኔታው በዘይት ላይ ተንሳፍፎ እንዲሠራ ስለተሠራ ክፍተት አለው። ወደ ውስጥና ወደ ውጪ ስትገፉና ስትስቡ ግን በእጅ የሚታወቅ እንቅስቃሴ ካለ ኩሽኔታው አብቅቶለታል። ወደ ጎን ገፋ አድርጋችሁ እያዞራችሁ ምላጮቹ ግድግዳውን ከነኩ፣ ወይ ግድግዳው ላይ ክብ ጭረት ካለ፣ ያው ነው። ሞተር እየሠራ ጣት ማስገባት ግን የለም፤ ጣታችሁን ቆርጦ ነው የሚሰጣችሁ።

አዲስ ተርቦ በሳምንቱ ከሞተ ሦስተኛ ከመግዛት በፊት «ማን ገደለው?» በሉ። ብዙ ጊዜ መልሱ ዘይት ነው። አሮጌው የዘይት መስመር በካርቦን ተደፍኖ ሳለ ሳይቀየር ይገጠማል። ወይ ደግሞ የኛ አገር ሲሊኮን፣ ያ የማሸጊያ ሙጫ! መካኒኩ ጓርኒሲዮኑ ላይ እንደ ቂጣ ይቀባዋል፣ ሲጠብቅ የተረፈው ወደ ውስጥ ገብቶ የዘይቱን ቀዳዳ ይዘጋል። የተርቦ ዘይት መግቢያ ላይ ሲሊኮን አይቀባም። ሲገጠምም መግቢያው ውስጥ ንጹህ ዘይት ይፈሰስ፤ ከተነሳ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ነዳጅ አይረገጥ። ኢንተርኩለሩም ይታጠብ። የአሮጌው ተርቦ ዘይትና ስብርባሪ እዚያ ተጠራቅሞ ይጠብቃል። ናፍጣ ሞተር ያንን ዘይት መሳብ ከጀመረ ቁልፍ ብታጠፉም ላይቆም ይችላል፤ ማንዋል ከሆነ ፍሬን ረግጣችሁ በትልቁ ማርሽ (አራተኛ ወይ አምስተኛ) ፍሪሲዮን ልቀቁና አፍኑት።

ሁሉም ተስተካክሎ ዝም ካለም ከመጀመሪያው ረጅም መንገድ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብሎኖቹን አስፈትሹ፤ ሙቀት ያላላቸዋል። እኔ ጊቤን ወርጄ ወጥቼ ወልቂጤ ደርሼ ስመለስ፣ የማኒፎልዱ ሁለት ብሎኖች ሩብ ዙር ያህል ጠበቁልኝ።