የመጀመሪያዋን የዓሣ ዝንብ እንዴት እናስራለን?

«ትርፍ ሰዓቴን ዝንብ አስራለሁ» ስል የሚሰማኝ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። ዝንቧ የእውነት አይደለችም። መንጠቆ ላይ በክር የታሰረ ላባ ነች፤ ውኃ ውስጥ ስትገባ ግን ለዓሣው አልቅት ወይም ትንሽ ዓሣ ትመስለዋለች። በዚህ ዘዴ በብዛት የሚጠመደው ትራውት የሚባለው ዓሣ ነው። እኛም አገር አለ፤ ከኬንያ መጥቶ ባሌ ውስጥ እነ ዌብና ዳንካ ወንዞች ላይ ተለቋል።

ጀማሪን የሚያሰለቸው አሥር ዓይነት ዝንብ ባንዴ መሞከር ነው። አንዷን ይዛችሁ ደጋግሙ። እኔ የምመክረው ዉሊ በገር የምትባለውን ነው። ራስል ብሌሲንግ የተባለ የፔንሲልቬኒያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1967 የፈጠራት ናት። ጭራ፣ ገላ፣ ላባ፣ አለቀ። ተለቅ ስለምትል ለዓይንም ለጣትም አትከብድም።

መጀመሪያ ዕቃ። ጠረጴዛ ጫፍ ላይ የሚጠብቅ ትንሽ ሞርሳ ያስፈልጋል፤ የጋራዡ አይሆንም። ጫፉ ስል የሆነ መቀስ፣ ቦቢን የሚባለው የክር መያዣ፣ ውፍረቱ 6/0 የሆነ ጥቁር ክር እና ግንዱ ረዘም ያለ 8 ቁጥር መንጠቆ ጨምሩ። የመንጠቆ ቁጥር ግራ ያጋባል፤ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ለገላዋ ሸኒል የሚባለው ጸጉራም ክር፣ ለጭራዋ ማራቡ የሚባለው ለስላሳ ላባ፣ ለዙሪያዋ የአውራ ዶሮ ላባ ይበቃል።

ማራቡ ስሙን ያገኘው ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ከምናውቀው ከአባ ኮዳ ነው። ድሮ ላባው ከእሱ ይወሰድ ነበር፤ ዛሬ የሚሸጠው የተርኪ ላባ ነው። የዶሮውን ግን ከቤት ማግኘት ይቻላል። ዶሮው ፈላ ውኃ ውስጥ ሳይነከር በፊት ከአንገቱና ከጀርባው ረጃጅሙን ልቀሙ፣ በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ። ገብስማ ከሆነማ እሰየው፤ ዝንጉርጉሩ ውኃ ውስጥ ያምራል።

አሁን መንጠቆውን ጉብጡ ላይ በሞርሳው አስነክሱትና ግንዱ አግድም ይሁን። ከጫፉ አጠገብ ያለችውን ወደኋላ የዞረች እሾህ በፒንሳ ጨፍልቋት። ያኔ መንጠቆው ከዓሣውም ከጣታችሁም ቶሎ ይወጣል። ጣት መወጋቱ መቼም አይቀርም።

ክሩን ከመንጠቆው ዓይን፣ ማለትም የማጥመጃው ገመድ ከሚገባበት ቀዳዳ፣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደኋላ ትታችሁ ጀምሩ። አምስት ስድስት ጊዜ በራሱ ላይ ጠምጥሙት፣ ትርፉን ቁረጡ፣ ከዚያ እያቀራረባችሁ እስከ ጉብጡ ድረስ ሂዱ። እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ሆን ብላችሁ ክሩ እስኪበጠስ ጎትቱት። አቅሙን እጃችሁ ካወቀው በኋላ ከዚያ ትንሽ መለስ ብላችሁ ታጠብቃላችሁ። የጀማሪ ዝንብ የሚፈታው ክሩ እንዳይበጠስ ፈርቶ ስለሚያላላ ነው።

ጭራው ቀጥሎ ነው። ማራቡ አየር ላይ ይበተናል፤ ጣታችሁን በውኃ ነካ አድርጋችሁ ሰብስቡት። የመንጠቆውን ግንድ የሚያህል ርዝመት ለኩና ጉብጡ ላይ እሰሩ። ትርፉን እዚያው አትቁረጡት። በግንዱ ላይ አስተኝታችሁ ወደፊት ብታስሩት ገላዋ እብጠት ሳይኖረው እኩል ይወጣል።

ከዚያ የዶሮውን ላባ በቀጭኑ ጫፉ በኩል ጭራው ሥር እሰሩና ለጊዜው ተውት። ሸኒሉንም እዚያው እሰሩ፤ ግን መጀመሪያ ጫፉን በጥፍር ገፋችሁ ውስጡ ያለውን ክር አውጡ፣ እሱን ነው የምታስሩት። ክሩን ወደፊት መልሱ። ሸኒሉን ጎን ለጎን እየጠመጠማችሁ አምጡና እሰሩት። ላባውን ደግሞ በላዩ ላይ አራርቃችሁ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ አዙሩና እሰሩ።

ቁም! ዓይኑ ጋ ስንት ሚሊ ሜትር ቀረ? እኔ የመጀመሪያዋን ሳስር ሸኒሉን እስከ ጥግ ወሰድኩት። ቤት ውስጥ ቆንጆ ነበረች። ወንዝ ዳር ደርሼ ገመዱን ላስገባ ስል ዓይኑ በክርና በላባ ተደፍኗል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ግማሽ ሰዓት በመርፌ ስጎረጉር ዓሣው ፊት ለፊቴ ይዘላል። ስለዚህ ለጭንቅላቷ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ባዶ ቦታ ይቅር። ገላዋ አጠረ ብላችሁ አትጨነቁ።

ለመቋጨት የሚሸጥ መሣሪያ አለ፤ ባዶ የእስክሪብቶ ቀፎም ይሠራል። ክሩን ቀፎው ላይ አንዴ አዙሩ፣ የቀፎውን ቀዳዳ የመንጠቆው ዓይን ላይ ሰክታችሁ ዙሩን ወደ ጭንቅላቷ አንሸራቱትና ሳቡ። አራት ጊዜ ድገሙት። ክሩን ቁረጡና ቋጠሮው ላይ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጉ። ሳይደርቅ ዓይኑን በመርፌ ክፈቱት፤ ወንዝ ዳር ካሁኑ ይብሳል።

ሲደርቅ በክር አንጠልጥላችሁ ውኃ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ንከሯት። ደረቅ ሳለች ዱርዬ የመሰለችው ዝንብ ቅጥን ትላለች። ሳብ ስታደርጓት ጭራው ይሰበሰባል፣ ስታቆሟት ይበተናል፤ እንደሚተነፍስ ነገር። ወንዙም ላይ እንዲሁ ነው፤ ትስመጥ፣ ከዚያ እንደ ስንዝር በምታህል ርቀት ሳብ፣ ቆም፣ ሳብ።

ጭራው ወደ ጎን ከዞረ ወይም ላባው ከተፈታ አትጣሏት። ሁሉንም በምላጭ ከግንዱ ላይ ግፈፉና መንጠቆውን መልሳችሁ ሞርሳው ላይ እሰሩት። የእኔን የመጀመሪያ መንጠቆ አራት ጊዜ ገፍፌዋለሁ።