አሮጌውን ባለ አንድ ስለት ጢም መላጫ እንዴት እናስተካክለዋለን?

አሮጌ ባለ አንድ ስለት መላጫ ፊት ያቆስላል ብለው የጣሉት ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ሳያዩ ነው። ምላጩ ቦታው ላይ በትክክል አልተቀመጠም። ምላጩ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ እጃችሁም ሊረጋ ይችላል። ግን ስለቱ በአንድ በኩል ትንሽ ወጣ ካለ፣ አንገታችሁ መቆጣቱ አይቀርም። እዚህ የምጽፈው በዋናነት ስለዚህ አቀማመጥ ነው። ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን።

መጀመሪያ መላጫውን እንለየው። ባሕር ዳር ውስጥ ከየሱቁ የምንገዛው ስስ ምላጭ በሁለቱም በኩል ስለት አለው፤ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እኔ የማወራው ስለ ሌላ ነው። የዚህኛው ምላጭ ስለቱ በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ጀርባው ላይ ደግሞ የታጠፈ ብረት ተደርቦበታል። ውፍረቱ ከስሱ ምላጭ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ጠንካራ ጢም ላይ ሲያርፍ አይርገበገብም። ይህን አይነት መላጫ የምወደው በዚህ ነው።

ታሪኩ ረጅም ነው። ካምፍ የሚባሉ ወንድማማቾች ኒው ዮርክ ውስጥ ለእንዲህ አይነቱ መላጫ የፈጠራ መብት ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። ጂሌት ባለ ሁለት ስለቱን ያስመዘገበው ከዚያ በኋላ በ1904 ነው። ዛሬ ከአያት ሳጥን ወይም ከውጭ አገር በመጣ ሻንጣ ውስጥ የሚገኙት አብዛኞቹ ጌም ወይም ኤቨር ሬዲ የሚል ጽሑፍ አለባቸው። ሁለት አይነት አከፋፈት አላቸው። የአንዳንዶቹ ክዳን እንደ ሳጥን ወደ ኋላ ይከፈታል። እንደ ጌም ማይክሮማቲክ ያሉት ደግሞ የእጀታው ታች ሲዞር ይከፈታሉ።

ምላጩን እዚህ ሱቅ አታገኙትም፤ ስለዚህ ጊዜ አታባክኑ። ዋሽንግተን ወይም ሌላ ቦታ ዘመድ ካላችሁ አንድ ፓኬት እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ክብደት የለውም። ሰው ይዞት የሚመጣ ከሆነ ግን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያስገባው፤ በእጅ ሻንጣ ከያዘው ፍተሻ ላይ ይወሰድበታል። ለጢም የተሠራ፣ የማይዝግና ስለቱ የተለበጠ መሆኑን አረጋግጡ። ቀለም መፋቂያ ተብሎ የሚሸጥ፣ ቅርጹ በጣም የሚመሳሰል ምላጭ አለ። እሱ ለመስታወትና ለግድግዳ ነው። ቢገባላችሁም እንኳ ፊታችሁን አታስነኩት። ስለቱ ለቆዳ አልተሳለም።

አሁን ወደ ጽዳቱ። ለብ ባለ ውሃ ላይ ላርጎ ጠብ አድርጉና መላጫውን ለጥቂት ደቂቃ ዘፍዝፉት። ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት። የደረቀ የሳሙና ቅሪት ካስቸገረ ትንሽ አቼቶ በውሃ አቅጥናችሁ በብሩሹ ቀቡት፤ ወዲያው እጠቡት። አቼቶ ውስጥ አታሳድሩት፤ የኒኬል ልባጡን ይበላዋል። በረኪናም እንደዚሁ ነው፤ ፈጽሞ አይነካው። እጀታው ፕላስቲክ መሰል ጠጣር ነገር ከሆነ አታፍሉት፤ ይሰነጠቃል።  የሌላ ሰው መላጫ ከነበረ ከታጠበ በኋላ 70 በመቶ አልኮል በደንብ ቀቡት፤ በራሱ ጊዜ ይድረቅ።

ማጠፊያው ከጠነከረ የሰፈር ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ያድርግላችሁ። አንዲት ጠብታ ትበቃለች።

ከዚህ በኋላ ያለው ዋናው ሥራ ነው።

ክዳኑን ክፈቱና ያለ ምላጭ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ከፊት በኩል፣ በግራና በቀኝ ጥግ ላይ፣ ሁለት ትንንሽ ማቆሚያዎች ታያላችሁ። የስለቱ ሁለት ጫፎች የሚያርፉት እነሱ ላይ ነው። ከኋላ ደግሞ ምላጩን ወደ ፊት የሚገፋ ሞላ አለ። የመላጫው አሠራር በሙሉ ይኸው ነው፤ ሞላው ይገፋል፣ ማቆሚያዎቹ ይይዛሉ። ስለቱ ምን ያህል ወደ ፊት እንደሚወጣ የሚወስኑት ማቆሚያዎቹ ናቸው። ከስለቱ በታች ያለው የብረት ከንፈር ደግሞ ቆዳችሁን ይደግፋል፤ አንዳንዱ ላይ ይህ ከንፈር ጥርስ ጥርስ አለው።

ምላጩን አስገቡ። ጀርባውን በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት ግፉት፤ ሁለቱም ጫፎች ማቆሚያውን ይንኩ። የሚዞረው አይነት ከሆነ መላጫውን ወደ ታች ዘቅዝቁት። ምላጩ በራሱ ክብደት ማቆሚያው ድረስ ይወርዳል፤ እንደተዘቀዘቀ ዝጉት። ብዙ ሰው ቀና አድርጎ ይዘጋውና ምላጩ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ከዚያ መላጫው መጥፎ ነው ይባላል።

ዘግታችሁ ስታበቁ ወደ ብርሃን ሂዱ። በመስኮት በኩል፣ ጣና ዳር ላለ ሰው ደግሞ ጧት በረንዳ ላይ፣ የመላጫውን ራስ ከዓይናችሁ ትይዩ ያዙት። በስለቱና በከንፈሩ መካከል ቀጭን የብርሃን መስመር ይታያል። ይቺ መስመር ከግራ እስከ ቀኝ እኩል መሆን አለባት። አንዱ ጫፍ ላይ ሰፍታ ሌላው ላይ ከጠበበች፣ ምላጩ ዘሟል። መብራት የሌለበት ምሽት ከሆነ የስልክ ባትሪ ከኋላ አብሩበት። ዓይናችሁን ካላመናችሁት በስልኩ ፎቶ አንሱና አጉሉት፤ ትንሿ ልዩነት እንኳ ፎቶው ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

እርግጠኛ ለመሆን ወረቀት ተጠቀሙ። የተለመደው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በጠባቡ ቆራርጡና ከስለቱ ሥር፣ ከፊት በኩል፣ ወደ ክፍተቱ አስገቡ። በግራ ጫፍ ስንት ወረቀት ገብቶ ጠበቅ እንደሚል እዩ፤ በቀኝ ጫፍም እንዲሁ። ቁጥሩ ስንትም ቢሆን ግድ የለም። ሁለቱ እኩል መሆናቸው ነው የሚፈለገው። ወረቀቱን በስለቱ ርዝመት አትጎትቱት፤ ይቆረጣል፣ ጣታችሁም አብሮ።

እኩል ካልሆነ ወደ ፒንሳ አትሩጡ። በመጀመሪያ ማቆሚያዎቹን እንደገና አጽዱ። ደረቅ ሳሙና ማቆሚያው ጥግ ውስጥ ተጋግሮ ምላጩን በአንድ በኩል ወደ ኋላ ሲያስቀረው ብዙ አይቻለሁ። የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ለዚህ ጥሩ ነው፤ ይጠርጋል፣ ብረቱን ግን አይጭርም። ከዚያ ምላጩን ቀይሩና ሞክሩ፤ ራሱ ምላጩም ጠማማ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

ሁለቱም ካልሠሩ ማቆሚያው ታጥፏል ወይም ተበልቷል ማለት ነው። አሁን ነው ፒንሳ የሚያስፈልገው፤ ለዚያውም ትንሽና አፉ ለስላሳ የሆነ። ጥርስ ያለው ፒንሳ ልባጡን ይነክሰዋል። ሌላ ከሌለ አፉን በፕላስተር ጠቅልሉት። ምላጩን አውጡ። የመላጫውን ራስ እንጨት ላይ አስደግፉ። ስለቱ ወጣ ባለበት በኩል ያለውን ማቆሚያ ወደ ኋላ በትንሹ ግፉ። ማቆሚያው ሲንቀሳቀስ በዓይን ከታያችሁ፣ በዝቷል። ምላጩን መልሱ፣ ብርሃኑን እዩ፣ እንደገና በትንሹ ግፉ።

ወደ ኋላ የገባውን በኩል ወደ ፊት አትሳቡት። እሱን ስትስቡ ስለቱ ከከንፈሩ አልፎ ይወጣል፤ ቆዳ የሚቆርጥ መላጫ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ምንጊዜም የወጣው ወደ ገባው ይመለስ።

አጥፎ መመለስ ደግሞ ክልክል ነው። እነዚህ መላጫዎች አብዛኞቹ የተሠሩት ከነሐስ ነው። ነሐስ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይደነድናል፣ ከዚያ ይሰበራል። አንድ የፋሲሎ ሰፈር ወዳጄ አያቱ የተዉለትን ውብ መላጫ ማቆሚያ ወዲህ ወዲያ እያደረገ አስተካክላለሁ ሲል እጁ ላይ ቀረ። ያለዚያች ቅንጣት ምላጩን የሚይዘው ነገር የለም። ሞረድም አታስጠጉ። ሞረድ ያነሳውን የሚመልስ የለም፤ ልባጡ ሲነሳ ደግሞ ከሥሩ ያለው ነሐስ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። እጃችሁን ካላመናችሁት ገበያ ላለ ወርቅ ሠሪ ስጡት። ትንሽ ፒንሳ፣ ማጉያ መነጽርና የለመደ እጅ አለው። የምትፈልጉትን ግን ብርሃኑን እያሳያችሁ ንገሩት፤ ዝም ብላችሁ «አስተካክልልኝ» ካላችሁት አሽቶ፣ አንጸባርቆ ይመልስላችኋል።

መስመሩ እኩል ሆኖ ምላጩ ሲነካ የሚንኳኳ ከሆነ ሞላው ደክሟል። በጥፍራችሁ ቀና አድርጉት። ጠንከር ብሎ ሲዘጋ ትሰሙታላችሁ።

አሁን ተላጩበት። ክፍተቱን ለማስፋት ከማሰባችሁ በፊት ለጥቂት ሳምንታት እንዳለ ልመዱት። ለብዙ ሰው ይበቃዋል። ጢማችሁ በጣም ወፍራም ሆኖ መላጫው በሳሙናው ላይ ብቻ የሚንሸራተት ከመሰላችሁ፣ ከምላጩ ሥር ስስ ማንሻ ማስገባት ትችላላችሁ። ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ጣሳ ላይ በመቀስ ቁረጡ፤ እሱም 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከምላጩ ጠበብ ይበል። ስለቱ ጋ አይድረስ፤ ማቆሚያዎቹንም አይንካ። ጠርዙን አለስልሱት። ምላጩ በዚያ ልክ ከከንፈሩ ከፍ ይላል፣ ክፍተቱም ይሰፋል። አንድ ብቻ። ክዳኑ ያለ ጉልበት ካልተዘጋ አውጡት። አሮጌ ባለ ሁለት ስለት ምላጭ ጠርዙን ቆርጠው ለዚህ የሚጠቀሙ አሉ። እኔ አልወደውም፤ ጣሳው እያለ እጅን ለስለት መስጠት ምን ያደርጋል?

አያያዙ ከሱቁ መላጫ ይለያል። የመላጫውን ራስ ጠፍጣፋ ጎን ጉንጫችሁ ላይ ሙሉ በሙሉ አስተኙት። እጀታው ከፊታችሁ ርቆ ይቆማል። ከዚያ ስለቱ ጢሙን መቁረጥ እስኪጀምር ድረስ እጀታውን ጥቂት ዝቅ አድርጉ፤ እዚያው ላይ ቁሙ። ድምፁን ስሙ። በትክክለኛው ማዕዘን ላይ ሲሆን ጥርት ያለ የመቁረጥ ድምፅ አለ። ፀጥ ካለ ስለቱ ጢሙን አላገኘውም። ቆዳን ከጎተተ እጀታው በጣም ወርዷል። አትጫኑ። መላጫው ከባድ ነው፣ ክብደቱ ራሱ ይበቃዋል።

ጢማችን ጥቅልል ለሆንነው አንድ ነገር በጣም አስፈላጊ ነው። ጥቅልል ጢም ከቆዳው በታች ሲቆረጥ ጫፉ ተመልሶ ወደ ውስጥ ያድግና አንገት ላይ ብጉር መሰል እብጠት ያወጣል። ብዙ ምላጭ የተደረደረበት መላጫ ይህን ያባብሳል፤ ጢሙን ስቦ ነው የሚቆርጠው። አንድ ስለት ግን ቆዳው ላይ ይቆርጣል፣ ያልፋል። ይህን ጥቅም አታበላሹት። ጢሙ ወደሚበቅልበት አቅጣጫ ብቻ ተላጩ። አንገት ላይ ወደ ላይ መላጨት ይቅር። እጅ ሲዳሰስ ትንሽ ሻከር ቢል ምንም አይደለም፤ በነጋታው ንጹሕ አንገት ይሻላል። በደንብ የተስተካከለ መላጫም ቢሆን በተቃራኒው ከተሄደበት ቆዳን ያስቆጣል።

በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት አረፋው ፊት ላይ ቶሎ ይደርቃል። ፊታችሁን ሙሉ አትቀቡ። አንዱን ጉንጭ ቀቡ፣ ተላጩ፣ ከዚያ ሌላውን።

ስትጨርሱ ክዳኑን ክፈቱ፣ ምላጩን አውጥታችሁ አለቅልቁ፣ ሁለቱንም አራግፉ። ስለቱን በፎጣ አትጥረጉት። ክረምት ላይ ሐይቁ ዳር አየሩ እርጥብ ነው፤ መላጫውን መታጠቢያ ቤት ውስጥ አታስቀምጡት። ክዳኑ ተከፍቶ ነፋስ የሚያገኝበት ክፍል ውስጥ ይደር። እርጥበት ላይ ከተተወ ዝገቱ የሚጀምረው እዚያው ማቆሚያዎቹ ጥግ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ምላጩ መጎተት ሲጀምር ቀይሩት፤ አትራሩለት። የሞተውን ምላጭ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ ጨምሩት። ጣሳው ሲሞላ አፉን ጠፍጥፋችሁ ዝጉና ጣሉ። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች ብዙዎቹ ያለ ጓንት ነው የሚሠሩት፤ ላስቲክ ውስጥ ልቅ የተጣለ ምላጭ እጃቸውን ይቆርጠዋል።