ፈቃዱ ከየት ይሁን? ውጭ አገር አብራሪነት ለሚማሩ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ትምህርት ቤት በማፈላለግ ነው። መጀመር ያለበት ግን ከመጨረሻው ነው፦ ተቀጥረው የሚያበሩት የት ነው? የአብራሪ ፈቃድ እንደ ዲግሪ ሁሉም ቦታ የሚያገለግል ወረቀት አይደለም። የአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣን ኤፍኤኤ የሰጠውን የንግድ አብራሪ ፈቃድ ወደ አውሮፓው የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ (ኢያሳ) ፈቃድ ለማስቀየር የጽሑፍ ፈተናዎቹን እንደገና መቀመጥና የበረራ ፈተና መውሰድ ግድ ነው። ስለዚህ ሊሠሩበት ለሚያስቡት አገር የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አስቀድመው ይጻፉ። የየትኛውን አገር ፈቃድ በምን ቅድመ ሁኔታ እንደሚቀበል ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ።

ቀጥሎ ሕክምና። ለትምህርት ቤት አንድ ሳንቲም ከመክፈልዎ በፊት የአንደኛ ደረጃ የአቪዬሽን ሕክምና ምርመራ ያድርጉ፤ ያውም ፈቃዱን የሚሰጠው ባለሥልጣን በሚቀበለው ሐኪም ወይም ማዕከል። ዓይን፣ የቀለም ልየታ፣ ጆሮ፣ የልብ ኤሌክትሪክ ንባብና ሽንት ይታያሉ። መነጽር ማድረግ ብቻውን አያስቀርም፤ ቀለም መለየት አለመቻል ግን ብዙዎችን ያሰናክላል። ይህንን ግማሽ ክፍያ ከተፈጸመ በኋላ ማወቅ እጅግ ያሳዝናል። በእንግሊዝኛም ቢያንስ የዓለም አቀፉን የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (የኢካኦን) 4ኛ የቋንቋ ደረጃ ማግኘት ያስፈልጋል። በሬዲዮ የሚሰማው ንግግር ፈጣንና የተቆራረጠ ስለሆነ፣ ከመሄድዎ በፊት የመቆጣጠሪያ ማማ ቅጂዎችን እየሰሙ መልሶ መናገር ይለማመዱ።

የሰዓቱ ነገር በየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ለግል አብራሪ ፈቃድ ቢያንስ 40 ሰዓት፣ ለንግድ ፈቃድ 250 ሰዓት ይጠየቃል፤ በጸደቀ ሥርዓተ ትምህርት በሚያስተምር ተቋም 35 እና 190 ይሆናል። ነገር ግን እዚያው አገር የአየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን በመደበኛው 1500 ሰዓት ያስፈልጋል። ብዙዎች ልዩነቱን የሚሞሉት አስተማሪ ሆነው በመሥራት ነውና፣ የሚሰጥዎ ቪዛ ሥራ ይፈቅድ እንደሆነ ዛሬውኑ ያጣሩ። በአሜሪካ ለመማር ከቪዛው በተጨማሪ አሻራ ተሰጥቶበት የሚገኝ የጸጥታ ማጣሪያ ፈቃድም አለ፤ እሱ ሳይመጣ ሥልጠናው አይጀመርም።

በአውሮፓ ወደ 200 ሰዓት ገደማ ይዞ፣ የመሣሪያ በረራ (ውጭው ሳይታይ በመሣሪያ ንባብ የመብረር) እና የሁለት ሞተር ብቃት፣ የአብራሪዎች የቡድን ሥራ ኮርስና 13ቱን የጽሑፍ ፈተናዎች አሟልቶ ለረዳት አብራሪነት ማመልከት ይቻላል። ፈተናዎቹ በ18 ወር ውስጥ ማለቅ አለባቸው፤ ማለፊያው 75 በመቶ ነው። አንዱን ትምህርት 4 ጊዜ የወደቀ ሁሉንም ከዜሮ ይጀምራል። በአንድ ጊዜ ብዙ ትምህርት መደራረብ ለዚህ ነው የሚያስፈራው።

ትምህርት ቤት ሲመርጡ ድረ ገጹ ላይ ያለው ዋጋ አያታልልዎ። ብዙ ጊዜ የሚሰላው በሕጉ ዝቅተኛ ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚጨርስ ተማሪ ደግሞ ጥቂት ነው። የፈታኙ ክፍያ፣ ለፈተናው የአውሮፕላን ኪራይ፣ የማረፊያና የነዳጅ ጭማሪ ተካቷል ወይ ብለው ይጠይቁ። ሰዓቱ የሚቆጠረው በምን እንደሆነም ይወቁ። ሞተሩ የሠራበትን ጊዜ በሚቆጥረው የሆብስ ቆጣሪ ከሆነ 0.1 ሰዓት ማለት 6 ደቂቃ ነው፤ ሞተር አስነስተው ለመነሳት ተራ የሚጠብቁበት ጊዜ ሁሉ ይከፈልበታል።

ከዋጋው በላይ ግን ይህን ይጠይቁ፦ ዛሬ የሚበሩት አውሮፕላኖች ስንት ናቸው፣ ጥገና ላይ የቆሙትስ? ለአንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ ይደርሳል? አውሮፕላን ወይም አስተማሪ ሲጠፋ በሳምንት አንዴ ብቻ ይበራሉ፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ በረራ ያለፈውን በመከለስ ያልቃል፤ ቪዛውም ገንዘቡም አብሮ ያልቃል። በሳምንት ከ3 እስከ 5 ጊዜ መብረር ጥሩ ነው። ክፍያውን ደግሞ በምንም ቅናሽ ተታልለው በአንዴ አይፈጽሙ። ትምህርት ቤት ሲከስር ተማሪው ከሌሎች አበዳሪዎች ጋር ተሰልፎ ነው ገንዘቡን የሚጠብቀው። በየደረጃው ይክፈሉ፤ የተመላሽ ውሉን አንብበው ይፈርሙ።

በረራው ሲጀመር ብዙ ሰዓት የሚበላው ማረፍ ነው። በተለመደው ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን፣ በሴስና 172፣ ለማረፍ የመጨረሻው አቀራረብ ፍጥነት ከ60 እስከ 70 ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) ነው፤ 10 ኖት ሲጨመርበት አውሮፕላኑ መሬቱ ላይ እየተንሳፈፈ ማኮብኮቢያውን ይጨርሳል። ሌላው ስሕተት ዓይን ነው። ዓይን ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ሥር ከቀረ መሬቱ ይደበዝዛል፤ እጅ ወይ ይዘገያል ወይ በድንጋጤ መሪውን ይስባል፣ አውሮፕላኑም ተመልሶ ይነሳል። እይታዎን ወደ ማኮብኮቢያው ጫፍ ያርቁ። ከፍ ብሎ ከነጠረ ለማስተካከል አይታገሉ፤ ለሞተሩ ሙሉ ጉልበት ይስጡና እንደገና ዞረው ይምጡ። ፍላፑን (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋውን ክፍል) ግን በደረጃ ነው የሚሰበስቡት፤ በአንዴ ከሰበሰቡት አውሮፕላኑ ይሰምጣል።

ይህን ሁሉ ማታ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እጅዎን እያንቀሳቀሱና የሬዲዮ ንግግሩን ጮክ ብለው እየተናገሩ ቢደጋግሙት ነጻ ልምምድ ነው።

ሎግ ቡኩን (የበረራ ሰዓት መዝገብዎን) በዕለቱ ይሙሉ፤ የገጹን ድምር ያረጋግጡ፣ የአስተማሪውን ፊርማ እዚያው ያስፈርሙ። አገሩን ለቀው ከመውጣትዎ በፊት የሥልጠና መዝገብዎን፣ የፈተና ውጤቶችንና የኮርስ ማጠናቀቂያውን በማኅተም ይውሰዱ። ፈቃድዎን የሚቀይረው ባለሥልጣን እውነተኛነቱን በቀጥታ ከሰጪው ይጠይቃልና፣ ጥያቄውን እዚያው እያሉ ያስጀምሩት፤ አስተማሪው ሥራ ከቀየረ በኋላ የጎደለችን አንዲት ፊርማ ማግኘት ወራት ይፈጃል።