የግራፊክ ዲዛይን ተማሪዎች ማተሚያ ቤት ይዘዋቸው የሚመጡ ስህተቶች

እኔ በምሠራበት ማተሚያ ቤት ለተግባር ልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች አሉ። ጎበዞች ናቸው፤ ፎቶሾፕንም ኢሉስትሬተርንም ከብዙዎቻችን በላይ ያውቃሉ። የሚሳሳቱት ሥራው ከስክሪን ወደ ወረቀት ሲሻገር ነው።

የስክሪኑን ቀለም ማመን። ስክሪን ቀለም የሚያወጣው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው። ማተሚያው ያለው ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ነው። ስክሪኑ ላይ ቦግ ያለው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። ሥራውን ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በእነዚህ አራት ቀለሞች፣ ጀምሩት። ደቃቅ ጽሑፍ ደግሞ በጥቁር ብቻ ይሁን። ከአራቱም ቀለም ከተቀላቀለ፣ ወረቀቱ ትንሽ ሸርተት ሲል ጽሑፉ ጥላ ያወጣል።

ብሊድ መርሳት። ብሊድ ማለት ወረቀቱ ሲቆረጥ ነጭ ጠርዝ እንዳይቀር ዲዛይኑ ከመቁረጫው መስመር አልፎ የሚወጣበት ትርፍ ነው። በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ጨምሩ።

ሎጎ በፎቶሾፕ መሥራት። ዛሬ ለቢዝነስ ካርድ፣ ነገ ለቢልቦርድ ይፈለጋል። በፎቶሾፕ የተሠራ ሎጎ ከነጥቦች የተገነባ ስለሆነ ሲተልቅ ይፈርሳል። በኢሉስትሬተር ሥሩት፤ የፈለገውን ያህል ቢተልቅ ጥራቱ አይቀንስም።

ከቴሌግራም የወረደ ፎቶ። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ይጨምቀዋል። ስልክ ላይ ያምራል፣ ሲታተም ይፈርሳል። ደንበኛው እንደ ፋይል እንዲልክላችሁ ጠይቁት። ለመጽሔት፣ በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ያስፈልጋል። 72 የሚለውን ቁጥር 300 ብሎ መቀየር ጥራት አያመጣም።

የአማርኛ ፊደልን ችላ ማለት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። አንድ ተማሪ የትምህርት ቤቱን የምረቃ መጽሔት በፍላሽ ይዞ መጣ። ዲዛይኑ ያምራል። ስንከፍተው ግን የተመራቂዎቹ ስም በሙሉ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኗል። ጽሑፉ የተጻፈው በአሮጌ የግዕዝ ፎንት ነበር፤ ያ ፎንት ደግሞ እኛ ኮምፒውተር ላይ የለም። ስሞቹን ከዝርዝር ላይ እያየን አንድ በአንድ እንደገና ጻፍናቸው። ምረቃው ደግሞ ደርሷል!

እነዚያ አሮጌ ፎንቶች የእኛን ፊደላት የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው። ፎንቱ ከሌለ ከሥር ያለው ላቲን ብቅ ይላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቦታ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ፣ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው! ከዩኒኮድ ፎንቶች ኒያላ አለ፣ አቢሲኒካ አለ፣ ኖቶ አለ። እባካችሁ በዩኒኮድ ጻፉ። ለማተሚያ ስትልኩ ደግሞ ፎንቱን ወደ አውትላይን፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ፣ ቀይሩ፤ ጽሑፉ ሊታረም የሚችለውን ኦሪጅናል ግን ለብቻው አስቀምጡ።

ፊደሉን መጎተትም ተዉ። ርዕሱ ቦታውን አልሞላም ብሎ ወደ ጎን መለጠጥ ምን ይሉታል? መጠኑን ጨምሩ፣ ወይ ርዕሱን በሁለት መስመር ክፈሉት። «ጩ»ን ከ«ጪ» የሚለየው አንድ ትንሽ ቅጥያ ነው። በደቃቅ መጠን በጣም የወፈረ ፎንት ከተጠቀማችሁ እሱም ይዋጣል፤ አንባቢው በግምት ያነባል።

የገጽ ቁጥር አለማስላት። መሐሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት ገጹ በ4 የሚካፈል መሆን አለበት። 18 ገጽ ይዛችሁ ከመጣችሁ ወይ 2 ትቀንሳላችሁ ወይ 2 ትጨምራላችሁ። ይህንን መጀመሪያ ወስኑ፤ ዲዛይኑ ካለቀ በኋላ ሁሉም ነገር ይናጋል።

በስክሪን ብቻ ማረም። ወረቀት ላይ አትሙት። አንዱ ከዝርዝሩ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው በእስክሪብቶ ይከተል፤ በተለይ ስም፣ ስልክና ቀን። ደንበኛው ፕሩፉ (ለማረጋገጫ የሚታተመው ናሙና) ላይ ሳይፈርም ደግሞ ፕሌት (የማተሚያው ሰሌዳ) አይውጣ።