አሮጌ የናፍጣ መኪና በውርጭ ጠዋት እንዴት ይነሳል?

ቆላው ሸዋ ሮቢት ላይ በአንድ ቁልፍ የተነሳ አይሱዙ፣ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ ደጋው ደብረ ብርሃን ሲያድር ጠዋት እምቢ ይላል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ የጭነት መኪና የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። የሚብሰው ደግሞ በክረምት አይደለም። ክረምት ደመናው መሬቱን ሸፍኖ ያሳድረዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሰማዩ ጥርት ይላል፤ የቀኑ ሙቀት ሌሊት ይበናል፤ ሲነጋ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይገኛል።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን መኪና በብልጭታ አይሠራም። ፒስተኑ አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ ይግላል፤ ናፍጣው እዚያ ላይ ሲረጭ ይቀጣጠላል። ብረቱ ከቀዘቀዘ ግለቱን ይውጠዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ የሚጨመቀውም ያንሳል። ስለዚህ ሞተሪኖው (በባትሪ የሚሠራው ማስነሻ) ሞተሩን በፍጥነት ማዞር አለበት። ያ ፍጥነት የሚዘጋጀው ደግሞ ማታ ነው።

ማታ

ከባትሪው ጀምሩ። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ያህል ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሹ ብቻ ነው ያለው፤ በዚያ ብርድ አይበቃችሁም። መኪናው 24 ቮልት ከሆነ ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ለኩ፤ አንዱ ደካማ ሌላውን ይዞት ይሞታል።

ገመዶቹን አትለፏቸው። እኔ አንድ ታኅሣሥ ላይ ሦስት ጠዋት በተከታታይ ሞተሪኖው እያቃሰተ አስቸገረኝ። የሄድኩበት ጋራዥ አዲስ ባትሪ አስገዛኝ። በማግስቱም ያው ሆነ። ኋላ ላይ ከሻንሲው (ከመኪናው አጽም) ጋር የሚታሰረውን የማሳ (የኔጌቲቭ) ገመድ ስፈታው፣ ቡሎኑ ሥር ዝገቱ እንደ በርበሬ ዱቄት ተራገፈ። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ አጥብቄ መለስኩት፣ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ዛሬም ያ የባትሪ ገንዘብ ይቆጨኛል። ስለዚህ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት የባትሪውን ጫፎችና የማሳውን ገመድ ፍቱ። መጀመሪያ ኔጌቲቩን። ነጭና አረንጓዴ የሆነውን ሻጋታ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡ፤ አድርቁ፤ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ በላዩ ቫዝሊን ቀቡ።

ዘይቱስ? ብዙ አሮጌ መኪና ላይ ደረቅ 40 ቁጥር ይሞላል። ቆላ ላይ ይሠራል። ደጋ ላይ ግን ሲያድር እንደ ማር ይወፍርና ሞተሪኖውን ይይዘዋል። የሞተሩ መመሪያ ከፈቀደ በብርድም ቀጠን የሚለውን 15/40 አድርጉ። ልዩነቱን በመጀመሪያው ጠዋት በጆሯችሁ ትሰሙታላችሁ።

ታንኩን ሞልታችሁ እደሩ። ባዶው ቦታ ላይ ያለው እርጥበት ሌሊት ውሃ ሆኖ ወደ ናፍጣው ይወርዳል። ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ ትንሽ ናፍጣ በብርጭቆ ቅዱና ለአፍታ አስቀምጡት። ውሃ ካለ ከታች ይተኛል፣ ናፍጣው ከላይ ይንሳፈፋል፤ መለያው መስመር በዓይን ይታያል። ንጹሕ እስኪወርድ አፍስሱ። ራዲያተሩ ውስጥም ባዶ ውሃ አታሳድሩ፣ በረዶ እንዳይሆን የሚከላከለው ኩላንት ይግባበት።

ጠዋት

መብራቱንና ሬዲዮውን አጥፉ። ሞተሩ ማሞቂያ ካንዴላ (ከመነሳቱ በፊት ውስጡን የሚያግል) ካለው የዳሽቦርዱ ምልክት እስኪጠፋ ጠብቁ፤ በጣም ከቀዘቀዘ ቁልፉን መልሳችሁ አንድ ጊዜ ድገሙት። ማርሹን ዜሮ አድርጉ፤ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጡ፤ ሞተሪኖው የማርሽ ሳጥኑን ወፍራም ዘይት አብሮ እንዳያዞር። ከዚያ አስነሱ። ከ15 ሰከንድ በላይ አትያዙት። ካልተነሳ ቢያንስ አንድ ደቂቃ አሳርፉት። ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ እምቢ ካለ ቁልፉን ተዉት። ከዚያ በኋላ ሞተሪኖ ማቃጠል ነው።

ስትሞክሩ ረዳቱ ከኋላ ቆሞ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ይይ። መልሱ ያለው ጭሱ ላይ ነው።

ሞተሪኖው እየጎተተ የሚዞር ከሆነ ወይም ጠቅ ብሎ ዝም ካለ፣ ጉዳዩ የባትሪ፣ የገመድ ወይም የዘይት ነው። ገመዶቹን በእጅ ዳስሱ፤ የሞቀው መገጣጠሚያ ጥፋተኛው ነው።

በደንብ እየዞረ ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ገብቷል፣ ግን አልተቀጣጠለም። ካንዴላዎቹን መርምሩ። የአንዱን ሽቦ ፍቱ፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ በመፈተሻ አምፖል የካንዴላውን ጫፍ ንኩ። ከበራ ደህና ነው፣ ካልበራ ተቃጥሏል። ሁሉም ደህና ከሆኑ ኤሌክትሪኩ እስከዚያ መድረሱን እዩ። እሱም ከደረሰ የሞተሩ ኮምፕሬሽን ይለካ።

ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣ አልደረሰም። ብዙ ጊዜ በተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ አየር ገብቶ ናፍጣው ሌሊቱን ወደ ታንኩ ተመልሷል። ተነስቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ የሚሞተውም እንዲሁ ነው። የፊልትሮውን ማስተንፈሻ ቡሎን ላላ አድርጉና የእጅ ፖምፓውን ምቱ። መጀመሪያ እየተንተከተከ አረፋ ይወጣል። አረፋው ጠፍቶ ኩልል ያለ ናፍጣ ሲመጣ፣ እየመታችሁ ሳለ ቡሎኑን አጥብቁ። ተነሳ ማለት ግን ዳነ ማለት አይደለም። ቱቦውን ካልቀየራችሁ ነገም ያው ነው።

በጭራሽ አታድርጉ

በቤንዚን የራሰ ጨርቅ አየር መሳቢያው ላይ መያዝ የተለመደ ነው። ካንዴላው ግሎ ሳለ ይህን ማድረግ ፒስተን ይሰብራል፣ ፊትንም ያቃጥላል። ከሞተር ሥር እሳት ማንደድም እንዲሁ፤ ናፍጣና ዘይት የጠገበ ሞተር ነው።

ቁልቁለት ላይ አቁሞ ማደርና ጠዋት አንደርድሮ ማስነሳት የብዙ ሹፌር ልማድ ነው። እኔ አልመክርም። ሞተሩ ካልተነሳ ፍሬኑን የሚያግዘው አየር ወይም ቫኪዩም የለም፤ መሪውም ይከብዳል። ጭነት ላይ ከሆናችሁማ ጨርሶ አይታሰብም። ለማደሪያ ሜዳ ቦታ ምረጡ፣ ጎማውን በታኮ ያዙ።

ሲነሳ የነዳጅ መስጫውን እየረገጣችሁ አታስጩኹት። ዘይቱ ገና ላይ አልደረሰም። የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ጠብቁ፤ ለአምስት ደቂቃ ያህል በራሱ ይዙር። የአየር ፍሬን ካለው ጌጁ ሥራው ልክ ላይ ሳይደርስ አትንቀሳቀሱ፤ በተለይ ወደ ደብረ ሲና የምትወርዱ ከሆነ።