ለዲዛይን ማስተርስ ስታመለክቱ እባካችሁ እነዚህን አትድገሙ

ከኅዳር እስከ ጥር ቴሌግራሜ በፒዲኤፍ ይጨናነቃል። ላኪዎቹ አብዛኞቹ ከሕንፃ ኮሌጅ የወጡ አርክቴክቶች ናቸው። ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የሚልኩም አሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ሙያውን ከዩቲዩብ የለቀሙ ግራፊክ ዲዛይነሮች ናቸው። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ውጭ ማስተርስ ላመለክት ነው፤ ፖርትፎሊዮዬን እይልኝ።» ፖርትፎሊዮ ያው የሠራችሁትን ሰብስባችሁ የምታሳዩበት ፋይል ነው። ችሎታ የሚያንሰው ጥቂት ነው። ስህተቱ ግን ከዓመት ዓመት ያው ነው። ለእያንዳንዱ ከምደግመው እዚህ ልጻፈውና ልረፍ።

ሬንደር ብቻ የሞላበት ፖርትፎሊዮ

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

ፋይሉን እከፍታለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ሬንደር፣ ያልተሠራውን ሕንፃ ፎቶ አስመስሎ በኮምፒውተር የወጣ ምስል። ሁለተኛው ያው ሕንፃ በማታ። ሦስተኛው ያው ሕንፃ ከላይ። ቦታው መርካቶ ነው ይላል። ከፊቱ ግን ፀጉሯ ወርቃማ የሆነ ሴት ውሻዋን አስከትላ ሶምሶማ ትሮጣለች። መንገዱ ዳር የቆመው ዛፍ ቅጠሉ የቀላ የካናዳ ዛፍ ነው። ሉሚዮን በሚባለው የሬንደር ሶፍትዌር ውስጥ የተገኘው ሁሉ እንዳለ ተጎትቶ ተቀምጧል። ተሸካሚው የት ሄደ? ሚኒባሱስ? ዝናብ ሲመጣ ሸራ የሚወጥረው ነጋዴስ?

የምቀልድ እንዳይመስላችሁ። ፖርትፎሊዮውን የሚያዩት መምህራን የሬንደር እጥረት የለባቸውም። ከየአገሩ ይጎርፍላቸዋል። ዛሬ ደግሞ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በደቂቃ ያወጣዋል። እነሱ ማወቅ የሚፈልጉት ሌላ ነው። ይህ ሰው ችግር ሲገጥመው ከየት ይጀምራል? ማንን ጠየቀ? የመጀመሪያው ሐሳቡ ለምን አልሠራም? ሲያቅተው ምን አደረገ? የማስተርስ ስቱዲዮ ሥራው ይኸው ነው። በዚህ የማያልፍ ሰው ምን ያህል ሬንደር ቢያሳምር እዚያ ይቸገራል።

አንዲት ልጅ በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ላይ የሠራችውን ፋይናል ፕሮጀክት ላከችልኝ። ከዳር እስከ ዳር ሬንደር ነው። ያምራል፤ ግን የማንም ሰው ሥራ ሊሆን ይችላል። «ሸማኔዎቹን አግኝተሻቸዋል?» አልኳት። «እንዴ! ተመላልሼ ተመላልሼ ቤተኛ ሆኜ የለ» አለችኝና የደብተሯን ገጾች በስልክ አንሥታ ላከችልኝ። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሲሠራ ወገቡ የት ላይ እንደሚጎብጥ ሥላለች። መወርወሪያውን ሲወረውር ክርኑ ምን ያህል ቦታ እንደሚፈልግ ለክታለች። ብርሃን በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ክር የምታዘጋጀው ሚስት የት እንደምትቀመጥ፣ ሕፃኑ የት እንደሚተኛ፣ ሁሉም አለ። መቀመጫ በካርቶን ሠርታ ወስዳ አስሞክራቸዋለች። አንዱን አይተው ስቀውባታል፤ ለምን እንደሳቁም ጽፋዋለች። «ታዲያ ይሄ ለምን ፖርትፎሊዮው ውስጥ የለም?» ስላት «ቆሽሿል፣ ክሊን አይደለም» አትለኝ መሰላችሁ! የሚያስገባት እኮ እሱ ነበር።

ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ አይደለም። እኛ ጋ የጁሪ ቀን፣ መምህራን ሥራውን በሚገመግሙበት ቀን፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የመጨረሻው ሺት ነው። ነጥብም የሚያዘው በሱ ነው። ስኬቹ፣ በእጅ የተሞከረው ረቂቅ ሥዕል፣ ቅርጫት ይገባል። አምስት ዓመት እንዲህ የኖረ ሰው ሒደቱን ቆሻሻ አድርጎ ቢያይ አይፈረድበትም።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። አራት ወይም አምስት ሥራ ምረጡ፤ አሥራ አምስት አይደለም። እያንዳንዱን የማን ችግር እንደሆነ በሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገር ጀምሩ። ከዚያ ያያችሁትን፣ የለካችሁትን፣ የሞከራችሁትንና ያልሠራውን አሳዩ። ሬንደሩን መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ አስገቡት፤ ይበቃዋል። ስኬቹን ጥላችሁት ከሆነ አሁን ተቀምጣችሁ የውሸት ስኬች አትሥሩ። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ያውቀዋል። ይልቅ አዲስ ትንሽ ሥራ ጀምሩ። የታክሲ ሰልፍ፣ የጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል፣ የጉሊት መደብ፣ ከነዚህ አንዱ ይበቃል። ተመላልሳችሁ አጥኑትና ከነደብተሩ አስገቡት።

የቡድን ሥራን የራስ ማድረግ

ቢሮ ውስጥ ስምንት ሰው የሠራውን ሕንፃ «የኔ ዲዛይን» ብላችሁ አታስገቡ። «ከቡድኑ ጋር፤ የኔ ድርሻ የደረጃውና የፊት ገጽታው ጥናት» ብሎ መጻፍ አያሳንስም። ያው ሕንፃ ከሁለት አመልካቾች በአንድ ዓመት የደረሰኝ ጊዜ አለ። ሁለቱም «የኔ» ብለዋል።

«ዲዛይን» ብሎ ብቻ ማመልከት

«የት ልታመለክት ነው?» ስል የአገር ስም ይነገረኛል። ስዊድን። ጣሊያን። አሜሪካ። ፕሮግራሙስ? «ዲዛይን ነዋ!»

የስዊድኑን የኡሜኦ ዲዛይን ትምህርት ቤት ውሰዱ። ኢንተራክሽን ዲዛይን፣ ትራንስፖርቴሽን ዲዛይንና አድቫንስድ ፕሮዳክት ዲዛይን የተለያዩ ማስተርሶች ናቸው። ትራንስፖርቴሽን የተሽከርካሪ ነገር ነው። የቪላ ፖርትፎሊዮ ይዞ እዚያ የሚያመለክት ሰው አይቻለሁ። ሚላን ፖሊቴክኒክ የፕሮዳክት ሰርቪስ ሲስተም ዲዛይን የሚባል ፕሮግራም አለው። እዚያ ዕቃው ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለው አገልግሎት ጭምር ይጠናል። አሜሪካ ያለው የሮድ አይላንድ ዲዛይን ትምህርት ቤት (ሪዝዲ) ደግሞ ኢንደስትሪያል ዲዛይኑ ለብቻ፣ ግራፊክ ዲዛይኑ ለብቻ፣ የቤት ዕቃ ዲዛይኑም ለብቻ ነው። የተማሪዎቹን የመመረቂያ ሥራ ገብታችሁ እዩ። ሁሉም ድረ ገጽ ላይ አለ። ያን ስታዩ ልባችሁ ካልደነገጠ ቦታው የናንተ አይደለም።

«ከልጅነቴ ጀምሮ መሳል እወድ ነበር»

ለምን መማር እንደፈለጋችሁ የምትጽፉት ደብዳቤ ብዙ ጊዜ በዚህ ይጀምራል። ከልጅነቱ ጀምሮ መሳል ያልወደደ አመልካች የለም። ይህን ዐረፍተ ነገር ሰርዙት።

ቀጥሎ የሚመጣው «የመጣሁት ከድሃ አገር ነው» የሚለው ነው። ይህንንም ሰርዙት። የሚያነበው ሰው ያዝንላችሁ ይሆናል፤ ሐዘኔታ ግን ወንበር አይሰጥም። ሦስተኛው ቻትጂፒቲ የጻፈው ነው። ይሄኛው ለስላሳ ነው፣ ስህተት የለውም፣ ሰውም የለበትም። ሰዋስው ቢያርምላችሁ ችግር የለውም፤ ሐሳቡን ግን ራሳችሁ አምጡ።

በዚህ ዓመት ካነበብኳቸው ወንበሬን ወደ ስክሪኑ ያስጠጋኝ አንድ ብቻ ነው። «የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ኩሽና እንጀራ ለመጋገር አልተሠራም» ብሎ ይጀምራል። ልጁ ጎረቤቶቹ ምጣዳቸውን የት የት እንዳስቀመጡ ቆጥሯል። በረንዳ፣ ኮሪደር፣ ደረጃ ሥር። ከዚያ ጥያቄውን ያቀርባል፤ ይህን ጥያቄ ለምን እዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ማጥናት እንደፈለገም ይናገራል። ስለ ልጅነቱ አንድም ቃል የለም። ማንነቱን ግን አወቅኩት።

የድጋፍ ደብዳቤ

የስዊድን ማመልከቻ የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ነው። ይህ በኛ አቆጣጠር ገናና ጥምቀት መካከል ይወድቃል። ሌሎች ብዙ ትምህርት ቤቶችም በዚያው ሰሞን ይዘጋሉ። በገና ዋዜማ «ዶክተር፣ ነገ ደብዳቤ ይላኩልኝ» ብሎ መደወል ምን ይባላል? በጥቅምት ጠይቁ። ስትጠይቁም የትኛውን ኮርስ እንዳስተማሯችሁ፣ ምን እንደሠራችሁላቸውና ቀኑ መቼ እንደሆነ በአጭሩ ጽፋችሁ ስጧቸው። ብዙ ተማሪ ነው የሚያስተምሩት፤ ባያስታውሷችሁ አይፈረድባቸውም።

«አንተው ጻፈውና ልፈርምልህ» የሚሉም አሉ። በተቻላችሁ መጠን በትሕትና እምቢ በሉ። የተለያዩ መምህራንን ደብዳቤ አንድ ሰው ሲጽፈው ሁሉም በአንድ አፍ ይናገራሉ፤ አንባቢው ደግሞ ጎን ለጎን አድርጎ ነው የሚያነባቸው። ሌላው ነገር ኢሜይል ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከጂሜይል የመጣ ደብዳቤ አይቀበሉም፤ የተቋም ኢሜይል ይፈልጋሉ። መምህራችሁ የዩኒቨርሲቲውን ኢሜይል የይለፍ ቃል ከረሱት ቆይተው ይሆናል። ይህን ቀድማችሁ ጠይቁ። ትምህርት ቤቱ ለመምህራችሁ የሚልከው የደብዳቤ መላኪያ ሊንክ ስፓም ውስጥ ገብቶ እንዳይሆንም አስፈትሹ።

ከአምስት ዓመት በፊት የሄደ ሰው ምክር

«ኖርዌይ ነፃ ነው» የሚል ምክር አሁንም ይዞራል። ኖርዌይ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች ክፍያ የጀመረችው በፈረንጆቹ 2023 ነው። በዚያው አቆጣጠር ስዊድን በ2011፣ ፊንላንድ በ2017 ጀምረዋል። በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሁንም አያስከፍሉም። ባደን ቩርተምበርግ ግን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይጠይቃል። ነፃ በሆነበትም ቢሆን ለቪዛ የዓመት ወጪ በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት ዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ አለባችሁ፤ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ 11,904 ዩሮ ሆኗል። ብዙ የጀርመን የዲዛይን ማስተርስ ደግሞ የሚሰጠው በጀርመንኛ ነው። እነዚህን ነገሮች ከዘመድ ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲውና ከኤምባሲው ገጽ አንብቡ። ዓመቱንም እዩ።

«መጀመሪያ ልግባ፤ ስኮላርሺፑን ከዚያ አያለሁ»

ይህ ስንቱን አመት አስቃጥሏል! የስዊድን ኢንስቲትዩት ስኮላርሺፕ ባለፉት ዓመታት የሚያመለክቱበት በፌብሩዋሪ ነበር። የዩኒቨርሲቲው መልስ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መልሱን የጠበቀ ሰው በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ለሱም 3,000 ሰዓት የሥራ ልምድ በአሠሪ ፊርማና ማህተም ማሳየት ያስፈልጋል። ፍሪላንስ የምትሠሩ ከአሁኑ ወረቀት ሰብስቡ። ደግሞ ፕሮግራማችሁ ስኮላርሺፑ በሚሸፍነው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትድከሙ። የእንግሊዙ ቼቭኒንግ ይባስ ቀድሞ ይመጣል። በኦገስት ይከፈትና የአውሮፓ መኸር ሳያልቅ ይዘጋል። ሦስት ኮርስ ያስመርጣል፤ 2,800 የሥራ ሰዓትም ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የስኮላርሺፑን ቀን ጻፉ፣ ከዚያ የዩኒቨርሲቲውን።

ወረቀት

ስቱደንት ኮፒ ትራንስክሪፕት አይደለም። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተመረቃችሁ ኮስት ሼሪንግ ሳይከፈል ኦሪጅናሉን ዲግሪ አታገኙም። ሪጅስትራር ደግሞ ለናንተ ዴድላይን ብሎ አይሮጥም። በመስከረም ሂዱ።

ስማችሁ በፓስፖርቱ፣ በትራንስክሪፕቱና በእንግሊዝኛ ፈተናው ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱ ላይ «ዮሐንስ» በ‹ዋይ›፣ ሌላው ላይ በ‹ጄይ› ተጽፎ ሁለት ሰው የሆነ ልጅ አውቃለሁ። ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አትፈላሰፉ። ፓስፖርቱ በዚያ ቦታ የጻፈውን እንዳለ ገልብጡ። ዓመተ ምሕረቱንም ወደ ፈረንጅ መልሱት። አለበለዚያ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት የተመረቃችሁ ትመስላላችሁ።

ሰዓት

አንዱ ልጅ ማመልከቻው «12፡00» ላይ እንደሚዘጋ አነበበ። ማታ 12 ሰዓት አድርጎ ያዘው። እነሱ ያሉት ቀትርን ነው፤ ያውም በስቶክሆልም ሰዓት። በክረምታቸው ይህ በኛ ቀን 8 ሰዓት ይሆናል። 10 ሰዓት ላይ ተረጋግቶ ቡናውን ይዞ ሲገባ ገጹ ተዘግቷል። የነሱን ሰዓት ወደኛ አገር ሰዓት ቀይሩ፤ ከዚያ ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት ጨርሱ። መብራትም ኔትወርክም ያለበት አገር ውስጥ እንዳለን አድርጋችሁ አታስቡ።

በጥድፊያ የሚበላሹ

ፋይሉን «ፋይናል ፋይናል 3» ብላችሁ አትላኩ። ፈቃድ የሚጠይቅ የጉግል ድራይቭ ሊንክ አታስገቡ። የተፈቀደው 20 ሜጋ ባይት ከሆነ 60 ልኮ ይቅርታ መጠየቅ የለም። ፒዲኤፉን በሌላ ሰው ስልክ ከፍታችሁ እዩት፤ ፎንቱ ተሰብሮ ይሆናል።

የማመልከቻ ክፍያ

ለስዊድን 900 ክሮነር ነው፤ በአንድ ክፍያ ብዙ ፕሮግራም ትመርጣላችሁ። አሜሪካ ግን ለየትምህርት ቤቱ ነው። ገንዘቡ ቢኖርም ካርዱ አይኖርም፤ የኛ አገር ካርድ ውጭ አገር ሁልጊዜ አይሠራም። በመጨረሻው ሌሊት ውጭ ያለ ዘመድ ከእንቅልፍ አትቀስቅሱ። ባንካችሁን ስለ ውጭ ክፍያ ካርድ ቀድማችሁ ጠይቁ። ወይም ለመመዝገቢያ ክፍሉ ጻፉና ክፍያውን ይተውልኝ በሉ። ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ይህን ያደርጋሉ፤ ግን ከቀነ ገደቡ ሳምንታት በፊት ለጠየቀ ነው። ኢሜይሉ ሁለት መስመር ይበቃዋል፦ ማን እንደሆናችሁ፣ የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ፣ ለምን መክፈል እንዳልቻላችሁ።