የወላጆችን አሮጌ ቤት ጣሪያ ከውጭ አገር ሆኖ ማስቀየር፦ መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ እንጨት፣ ከዚያ ቆርቆሮ

ክረምት ሊገባ ሲል ከአገር ቤት የሚደወል አንድ የታወቀ ስልክ አለ። «ቤቱ እያፈሰሰ ነው፤ ጣሪያው ካልተቀየረ ዘንድሮን አይዘልቅም።» ከዚያ ሒሳቡ ይከተላል። ቆርቆሮ ይህን ያህል፣ እንጨት ይህን ያህል፣ የእጅ ዋጋ ይህን ያህል። አንጀት አይችልምና ገንዘቡ ይላካል። ጣጣው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ደንብ አስከባሪ መጥቶ ሥራውን ያስቆማል። ወይም ቆርቆሮው ሲነሣ ከሥሩ ያለው እንጨት በስብሶ ይገኛል። አለበለዚያ አንዱ ወንድም «እኔን ሳታማክሩ» ብሎ ይነሣል።

እዚህ የማወራው ስለ አሮጌ ሰፈር ቤቶች ነው። አራዳ፣ ፒያሳ ዙሪያ፣ ጉለሌ፣ እንዲሁም ሐረር ጁገል። አዲስ ሳይት ላይ ያለ ቪላ ወይም ኮንዶሚኒየም ሌላ ወሬ ነው። በአሮጌ ሰፈር ቅደም ተከተሉ ወረቀት፣ እንጨት፣ ቆርቆሮ ነው። ሰው ሁሉ የሚጀምረው ግን ከቆርቆሮው ነው።

ቤቱ በማን ስም ነው?

ጥያቄው የዋህ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ኪራይ ቤቶች ወደሚባለው የመንግሥት ድርጅት ሄደዋል። ስለዚህ እናታችሁ ለአርባ ዓመት የኖሩበት፣ እናንተም ያደጋችሁበት ቤት የመንግሥት ሊሆን ይችላል። የቀበሌ ቤት ከሆነ ጣሪያው የእናንተ አይደለም። ለመጠገን ቤቱን የሚያስተዳድረው አካል በጽሑፍ መፍቀድ አለበት። የምታወጡት ገንዘብም ባለቤት አያደርጋችሁም። እናት በሰላም እንዲኖሩ ብላችሁ ማውጣት ትችላላችሁ፤ ያ የልብ ጉዳይ ነው። «አድሼዋለሁና ይገባኛል» ማለት ግን አይሠራም።

በአሮጌ ግቢዎች ውስጥ ደግሞ የተቀላቀለ ነገር አለ። ፊት ለፊት ያለው ዋና ቤት የእናንተ ሆኖ ከኋላ ያለው ሰርቪስ የቀበሌ የሆነበት ግቢ ብዙ ነው። ሁለቱ በአንድ ቆርቆሮ ተያይዘው ሲገኙ፣ አንዱን ስትነኩ ሌላውን ነካችሁ። ካርታውን አስወጥታችሁ የትኛው ክፍል በይዞታችሁ እንደተመዘገበ ተመልከቱ።

ካርታው በሟች አባት ስም ከሆነስ? ሟች ፈቃድ አይጠይቅም። መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይወጣል፤ ከዚያ ስም ይዛወራል። ወራሾቹ አራት ከሆናችሁና ሦስታችሁ ውጭ ከሆናችሁ፣ ሦስታችሁም ለአንድ ሰው ውክልና መስጠት አለባችሁ። ይህ ጊዜ ይበላል። ነገሩን በግንቦት ጀምሮ ለሰኔ ማድረስ ዘበት ነው።

ውክልናው ላይ ቆጠብ በሉ

ውክልና ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርባችሁ ትፈርማላችሁ። ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ከዚያ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ፣ ሰው አሁንም ውልና ማስረጃ ወደሚለው መሥሪያ ቤት፣ ይሄዳል። የውጭ ፓስፖርት የያዛችሁ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርዳችሁን አዘጋጁ። አዋጅ ቁጥር 270/1994 በቤት ባለቤትነት ከኢትዮጵያዊ እኩል የሚያደርጋችሁ በዚያ ካርድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው የሚፈርመው የተለመደውን ቅጽ ነው፤ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» ይላል። ጣሪያ ለማስቀየር ይህ ሁሉ ለምን? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩን ለይቶ አስቀምጦታል። በአንቀጽ 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ያስፈቅዳል፤ ንብረትን መጠበቅና መጠገን እዚያ ውስጥ ይገባል። ለመሸጥና ለማስያዝ ግን በአንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ሽያጭ የሚሉትን ቃላት አስወጡና በምትካቸው የምትፈልጉትን አስገቡ። የእድሳት ፈቃድ መጠየቅ፣ ከባለሙያ ጋር ውል መፈረም፣ ግብር መክፈል፣ ማስረጃ ማውጣት። የሥጋ ዘመድን አለመጠራጠር ጥሩ ነው። ወረቀቱ ግን ዘመድ አያውቅም።

ፈቃድ፣ ቅርስና ፕላን

ወኪላችሁ ወደ ወረዳው ወይም ክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ይሄዳል። ካርታ፣ ውክልናና ግብር የተከፈለበትን ደረሰኝ ይዞ ቢሄድ ምልልሱ ይቀንሳል። ውዝፍ ግብር ካለ መጀመሪያ እሱ ይለቅ። ጥያቄውም ግልጽ ይሁን። ቅርጹንና ከፍታውን ሳይነኩ ቆርቆሮ መለወጥ አንድ ነገር ነው። ግድግዳውን በሁለት ረድፍ ብሎኬት ከፍ አድርጎ ቆጥ ማውጣት ሌላ ነው። ሁለተኛው የመዋቅር ለውጥ ስለሆነ ፕላን ይጠየቅበታል። «እግረ መንገዳችንን ትንሽ ከፍ እናድርገው» የምትለዋ ሐሳብ ስንቱን ሥራ አስቁማለች።

በዚያው መንገድ የፕላን መረጃ ይጠየቅ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው በኮሪደር ልማት እንዴት እንደተለወጠ ሁላችሁም አይታችኋል። ቤቱ በመልሶ ማልማት ወይም በመንገድ መስመር ውስጥ ካለ፣ ሙሉ ጣሪያ መቀየር ገንዘብ መበተን ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቤት ላይ የሚያፈሰውን ቦታ ብቻ ማስጠገን ይሻላል። በኮሪደሩ ዳር ያለ ቤት ከሆነም ስለ ቆርቆሮው ቀለም ሳትጠይቁ አትግዙ።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ጨዋታው ይለወጣል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ ማንኛውም የጥገና ሥራ በቅድሚያ በቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲፈቀድ ያዛል። በረንዳቸው ሰፊ የሆኑ፣ ክፈፋቸው በተፈለፈለ የእንጨት ጌጥ የተከበበ የድሮ የአዲስ አበባ ቤቶችን አስቡ። አናጢው ያንን ጌጥ «አሮጌ ነው» ብሎ ነቅሎ ለማገዶ ይሰጠዋል። በቦታው ቀጥ ያለ ሳንቃ ይመታል። ቤቱ አላፈሰሰም፤ ግን ያ ቤት መሆኑ ቀረ። የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን ከከተማው የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ማጣራት ይቻላል። ባይመዘገብም እንኳ ጌጡ ተነቅሎ፣ ተጠርጎ፣ ተቀብቶ እንዲመለስ በውሉ ላይ አስጽፉ።

ሐረር ጁገል ከዚህ ይለያል። እዚያ አንድ ቤት ለብቻው ሳይሆን በግንቡ ውስጥ ያለው ከተማ በሙሉ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የባሕላዊው የሐረሪ ቤት ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው፤ እንጨት ተደርድሮበት በአፈር ይደፈናል። በየጊዜው እንክብካቤ ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ ውጭ ላለ ሰው አሰልቺ ነው። ቢሆንም «ቆርቆሮ ጣሉበትና ልገላገል» ማለት አይሆንም። የጁገልን ቅርስ የሚጠብቀውን የክልሉን መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ማነጋገር ግድ ነው። ሥራውን የሚያውቅ የአካባቢው ባለሙያ ይፈለግ። ሲሚንቶ አፍስሶ መገላገልም መፍትሔ አይደለም። ክብደቱ ለአሮጌ እንጨት የሚቻል አይደለም፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ ውኃውን ወደ ውስጥ ያስገባና ይይዘዋል።

እንጨቱን ሳታዩ ዋጋ አትቀበሉ

በጭቃ ቤት ላይ ሒሳብን የሚያፋልሰው እንጨቱ ነው። አናጢው ከታች ሆኖ አይቶ «ቆርቆሮ ብቻ ነው» ይላል። ከላይ ሲወጣ «ወራጁም ማገሩም አልቋል» ይላል። ዋጋው እጥፍ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ የግድ ሌብነት አይደለም፣ ሳይታይ የተገመተ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ከውል በፊት የአንድ ቀን ምርመራ ክፈሉ። ኮርኒሱ በአንድ ጥግ ይከፈት። የድሮ ቤት ከሆነ ኮርኒሱ ቀለም የተቀባ አቡጀዲ ስለሚሆን መክፈቱ ቀላል ነው። በቀትር፣ መብራት ጠፍቶ፣ ከውስጥ ወደ ላይ በቪዲዮ ይቀረጽ። ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ እንደ ኮከብ ይታያል። ቀጥሎ በካቻቪቴ እንጨቱ ይወጋ፣ በተለይ ወራጁ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበት ቦታ። ካቻቪቴው በቀላሉ ከገባ ምስጥ ወይም ብስባሽ ነው። እንጨቱ አሮጌ ጥድ ሆኖ ድፍን ከሆነ ግን እንዳይነቀል! የዛሬ ርካሽ ባሕር ዛፍ አይተካውም።

ቆርቆሮውም ቢሆን ሁሌ አይጣልም። ከድሮው ቆርቆሮ አንዳንዱ አሁን ከሚሸጠው ይወፍራል። ዝገቱ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ተፈቅፍቆ፣ ፀረ ዝገት ተቀብቶ፣ ምስማሩና ከምስማሩ ሥር ያለው ጎሚኒ ተለውጦ ዓመታት ይሰጣል። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰውም የምስማሩ ቀዳዳና የአሸንዳው መጋጠሚያ ነው።

ስንት ካሬ? ስንት ኪሎ?

ዘመድ «125 ካሬ ቆርቆሮ ያስፈልጋል» ሲል እናንተ ቤቱ 80 ካሬ መሆኑን ስለምታውቁ ትጠራጠራላችሁ። ኧረ እንቁጠረው። ቤቱ 8 በ10 ሜትር ነው እንበል። ክፈፉ በየአቅጣጫው 60 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። 9.2 በ11.2 ሲባዛ 103 ካሬ ገደማ ይሆናል። ጣሪያው 20 ዲግሪ ያህል ካዘነበለ 110 ይደርሳል። ለመደራረቢያና ለቁራጭ ከ10 እስከ 15 በመቶ ጨምሩ። ከ121 እስከ 126 ካሬ ሆነ። ዘመዳችሁ አልዋሸም። 180 ካሬ ብሎ ከነገራችሁ ግን ተነጋገሩ። በአራቱም በኩል የሚወርድ ጣሪያ ቁራጩ እንደሚበዛም አትርሱ።

ክፈፉን በማሳጠር ለመቆጠብ የሚመክር ሰው ካለ አትስሙት። የጭቃ ግድግዳ የሚኖረው በክፈፉ ነው፤ ዝናቡን የሚያርቅለት እሱ ነው።

የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ይጠራል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ጌጅ ከ35 ጌጅ ይወፍራል ማለት ነው። ኢጋም ሆነ ተራው ሞገድ፣ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ሱቁ በሚሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ (ፕሮፎርማ) ላይ ይጻፍ። ማረጋገጫው ሚዛን ነው። 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ልሙጥ ብረት በካሬ ሜትር 3.1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 0.3 ከሆነ 2.4 ገደማ ነው። የታጠፈ ቆርቆሮ ሲመዘን ከመታጠፉ በፊት ያለው ስፋት ይያዛል። ነጋዴው ሚዛን ሲያይ ፊቱ ከተለወጠ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ዋጋን በተመለከተ አንድ ነገር ይታወቅ። ቆርቆሮ የሚሠራበት ጥቅል ብረት በአብዛኛው ከውጭ ይገባል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። አክስት አምና የነገሩአችሁ ዋጋ ዛሬ አይሠራም። ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ አስወጡ፤ የሚጸናበት ቀንና 15 በመቶው ቫት መካተቱ ይታይ። ዋጋው ሲስማማችሁ ዕቃውን አንዴ ግዙ። ገንዘቡም ከእናንተ ቀጥታ ወደ ሱቁ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ዘመድ ጋ የሚደርሰው የእጅ ዋጋና ትናንሽ ወጪ ብቻ ይሁን። ለዘመድ የድካሙን በግልጽ ክፈሉት፤ «ቤተሰብ ነው» ተብሎ በነፃ የሚሠራ ሰው ድካሙን በሌላ መንገድ ለራሱ ይከፍላል።

ከቆርቆሮና ከእንጨት ሌላ የሚረሱ ወጪዎች አሉ፤ አሸንዳ፣ ኮርኒስ፣ የመብራት መስመር ማንሣት፣ ማፍረስና ፍርስራሽ ማስወገድ። ይህን ሁሉ ደምራችሁ ከ15 እስከ 20 በመቶ መጠባበቂያ ያዙ። አሮጌው ቆርቆሮና እንጨት የማን እንደሆነም በውሉ ይጻፍ። ካልተጻፈ ለቁራሌው ተሽጦ ታገኙታላችሁ።

ሥራው ሲጀመር

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ከየካቲት ጀምሮ የበልግ ዝናብ አለ። በግንቦት ደግሞ ከተማው ሁሉ ጣሪያው ትዝ ስለሚለው አናጢ ይወደዳል። በደረቅ ወርም ቢሆን ሸራ ሳይገዛ አንድም ቆርቆሮ እንዳይነሣ። ያልታሰበ አንድ ሌሊት ዝናብ የጭቃ ግድግዳን ይንደዋል። ጎረቤትም ቀድሞ ይነገረው፤ በተለይ አሸንዳው ወደሱ አጥር የሚያይ ከሆነ።

ክፍያውን በደረጃ ከፋፍሉት። እንጨቱ ተስተካክሎ ቆርቆሮ ከመመታቱ በፊት አንድ ጊዜ በቪዲዮ ተመልከቱ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ይሸፈናል። የመጨረሻውን 10 በመቶ ያዙት። በኅዳር ያለቀ ጣሪያ ዝናብ እስኪያገኝ ወራት ስለሚቆይ አናጢውን ያን ያህል ማስጠበቅ አይሆንም። በጎማ ውኃ ይልቀቁበት፤ ከአናቱ ጀምሮ፣ በየመጋጠሚያው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል። አንድ ሰው ከውስጥ በባትሪ እያበራ ይከታተል፤ እናንተም በቴሌግራም እዩት። ካላፈሰሰ የቀረውን ክፈሉ።